የጋሼ አሥር ጣቶች

እኔን የሚያውቅ ሁሉ የሚመሰክርልኝ አንድ ነገር አለ፤ አፌ አያርፍም። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ምግብ ቤት በከፈትኩ በዓመቱ፣ በሰፈሩ ካለው ሐበሻ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ለማን ሽማግሌ እንደላከ፣ የማን ልጅ ትምህርቱን ትቶ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ላይ ረዳት እንደሆነ አንድ በአንድ አውቅ ነበር። ደንበኛዬ ያዘዘው ተጋቢኖ እስኪደርስለት ድረስ እኔ ታሪኩን ከነጓዙ ተቀብዬ ጨርሻለሁ። ባሌ በሕይወት ሳለ "ወይንሸት፣ አንቺን ፖሊስ ቢቀጥርሽ ናይሮቢ ውስጥ ሌባ አይተርፍም ነበር" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለችው ሴት፣ በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ዓመት ከዓመት የሚሠሩትን፣ ምሳቸውን ከእጇ የሚበሉትን ሰው ስም አታውቅም ነበር ብል ማን ያምነኛል?

ጋሼ ነበር የምንላቸው። እኔም ጋሼ፣ አስተናጋጆቼም ጋሼ፣ በዕድሜ ብዙም የማያንሷቸውም ጋሼ። ኬንያውያኑ ደግሞ "ፉንዲ" ይሏቸዋል፤ ባለሙያ እንደ ማለት ነው። የሶማሌ ሴቶችም ቀሚስ ሊያሳጥሩ ሲመጡ "ፉንዲ የለም?" ብለው ነው የሚጠይቁኝ። ጠይም፣ ቀጭን፣ ሜትር ከአንገታቸው የማይለይ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሰው ነበሩ። መኪናቸው ሲሠራ የበረንዳው ወለል ይነዝራል፤ ዛሬም አንድ ቦታ ያን ድምፅ ስሰማ ዞር ብዬ አያለሁ። እኔ ከጓዳ ሆኜ "ጋሼ፣ ሻይ ላድርስ?" እላለሁ። እሳቸው መልስ አይሰጡም፤ መኪናውን ለአፍታ ያቆሙታል፤ ይህ ማለት እሺ ነው። ሻዩን አስቀምጬላቸው ቆም እልና የመንገዱን ትርምስ አብረን እናያለን፤ እኔ አወራለሁ፣ እሳቸው ያደምጣሉ። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ያኔ ግን እንዲህ እንደሚናፍቀኝ በምን አውቄ።

ስልክ አይዙም ነበር። ስልክ የያዘ ሰው ሥራ አይሠራም ባይ ናቸው። ደንበኞቻቸው የሚፈልጓቸው በእኔ ስልክ ነው፤ ስለዚህ የጋሼ ስልክ እኔ ነበርኩ ማለት ይቻላል። የሚኖሩት ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለ ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ነው። የግቢው ዘበኛ እንኳ የሚያውቃቸው ፉንዲ ብሎ ነው። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፣ ከአገር ቤት የሚመጣ እንግዳ የለ፤ ዕድር እንኳ አልገቡም። የንስሐ አባታቸው የነበሩት ቄስ ወደ አገር ቤት ተመልሰው እዚያው ዐርፈዋል።

ስለ ራሳቸው ስለማያወሩ እኛ አወራንላቸው። አንዱ የድሮው ጦር ኮሎኔል ነበሩ ይላል። ሌላው ሰው ገድለው ነው የተሰደዱት ይላል። የዕድራችን ሊቀ መንበር አቶ ደምሴ ደግሞ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው "እኔ የማውቀውን አውቃለሁ" ይላሉ፤ የሚያውቁት ምን እንደሆነ ግን ነግረውን አያውቁም። እኔም ከአንዱም ከሌላውም እየቆነጠርኩ ለአዲስ ደንበኛ ጨምሬ እነግራለሁ። እንግዲህ ኮሎኔል ይሁኑ ነፍሰ ገዳይ፣ አባት የሚያክሉ ሰው ፊት ቆሞ "ለመሆኑ ስምዎ ማን ነው?" ማለት ለእኛ ነውር ነው። ጋሼ ካልክ በኋላ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? አክብሮቱም መጠሪያውም እሱው ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በረንዳው ባዶ ሆነ።

በዋዜማው ካሳራኒ ለምትኖር አንዲት ሙሽራ ቀሚስ ሊለኩ እንደሄዱ አውቃለሁ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ የሉም። ክፍላቸው ሄጄ አንኳኳሁ፤ የሉም። ለሙሽራዋ ደወልኩ፤ ልኬቱን እንደጨረሱ በጊዜ ሸኝቻቸዋለሁ አለችኝ። ለአቶ ደምሴ ደውዬ ምግብ ቤቱን ለአስተናጋጆቼ ጥዬ ወጣሁ። ከፖሊስ ጣቢያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስንዞር ዋልን። በየደረስንበት "ስሙ ማን ነው?" ይሉናል፤ እኛ ደግሞ "ቀጭን፣ ሽማግሌ፣ ግራጫ ኮት የለበሰ" እንላለን። ገና ያኔ ነው አቶ ደምሴና እኔ ዓይን ለዓይን መተያየት የጀመርነው።

"የክርስትና ስማቸውንስ?" አልኳቸው በመጨረሻ፣ ማታቱ ውስጥ።

"አንቺ ነሽ ምሳ የምታበይው" አሉኝ፣ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው።

በማግስቱ አገኘናቸው። ቲካ መንገድ ዳር፣ ማታቱ መጠበቂያው ላይ ወድቀው ነው መንገደኞች ወደ አንድ ሆስፒታል ያደረሷቸው። ስትሮክ ነው አሉን። ከኮታቸው ጋር በኪሳቸው የነበረው ሁሉ ተወስዷል። ሰው በሞላበት ክፍል፣ መስኮት ሥር ተኝተው አገኘኋቸው፤ ዓይናቸው ተከፍቷል። ከራስጌያቸው በተለጠፈ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ "ያልታወቀ ወንድ" ተብሎ ተጽፏል። ያልታወቀ! ኢስትሊ ውስጥ ቀሚሷን ያላሳጠሩላት ሴት ብትኖር ጥቂት ናት እኮ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ያለ ኀፍረት አለቀስኩ። እሳቸውም አወቁኝ። አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ቃል አይደለም።

የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ትሑት ወጣት ነበር። ዘመዳቸው መገኘቱ ደስ እንዳለው ነግሮኝ እስክሪብቶውን አዘጋጀ።

"ስማቸው?"

ዝም አልኩ። እኔ ወይንሸት፣ ዝም አልኩ።

"ጋሼ" አልኩት ሲጨንቀኝ።

ጻፈው። "የአባታቸው ስምስ?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስታውሼ አሁን እስቃለሁ፤ ያኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሼ ስም ሳይሆን የአክብሮት መጠሪያ መሆኑን፣ ስማቸውን እኔም አጠገቤ የቆሙትም ሽማግሌ እንደማናውቀው አስረዳሁት። ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ግን ፊቱ ተለወጠ። ስሙን ለማያውቅ ሰው ራሱን ማስረዳት የማይችል በሽተኛ አሳልፎ መስጠት እንደማይችል ነገረኝ። ደግሞም እኮ እውነቱን ነው፤ ሽማግሌ ወስዶ ምን የሚያደርግ እንዳለ በምን ያውቃል? ዓርብ ጠዋት መኪና ይመጣል አለ። ዘመድ ያልተገኘላቸውን በሽተኞች ሰብስቦ ከናይሮቢ ውጭ ወዳለ የአረጋውያን መጦሪያ ይወስዳል። የውጭ አገር ሰው ከሆኑና ወረቀት ከሌላቸው ደግሞ ጉዳዩ ወደ ኢሚግሬሽን ይሄዳል።

አንድም አማርኛ የሚሰማ ሰው በሌለበት፣ ቃል ከአፋቸው በማይወጣ ሰው ላይ ይህ ሲደርስ ይታያችሁ። ቢርባቸው ራበኝ አይሉ፤ ቢያማቸው አመመኝ አይሉ። ኤምባሲ ብንሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁን ስም ነው። ክፍላቸውን አስከፍተን ፈተሽን፤ አልጋ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ጠመኔ፣ አንድ ዳዊት። ወረቀት ሁሉ ኮቱ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

እንግዲያው ራሳቸውን ልጠይቃቸው አልኩ። አሁንም እያፈርኩ፣ ጎንበስ ብዬ "ጋሼ፣ አበበ ነዎት?" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስታ ገደለኝ! አቶ ደምሴ ግን ሰውዬው ጥንቁቅ ናቸውና "እስቲ ከበደ በያቸው" አሉኝ። ከበደ ስል ነቀነቁ። ተስፋዬ ስል ነቀነቁ። ኮሎኔል ነዎት ወይ ብለው አቶ ደምሴ ራሳቸው ቢጠይቁ፣ ነቀነቁ። በመጨረሻ "አልማዝ ነዎት?" ብዬ ስጠይቃቸው በዚያው በትሑት ፊታቸው ነቀነቁልኝ። ሳቄና ለቅሶዬ አንድ ላይ መጣ። ነርሷ ሕመሙ እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ለሁሉም አዎ እንደሚያሰኝ ነገረችን።

የአሻራውን ነገር ያነሣው ማኅበራዊ ሠራተኛው ነው። ኬንያ ውስጥ አንድ ጊዜ የተመዘገበ ሰው፣ ዜጋም ይሁን የውጭ አገር ሰው፣ አሥር ጣቱን ሰጥቷል። ፖሊስ ጣቢያ ጉዳዩን ስለሚያውቀው የአሻራ ባለሙያ እናስመጣ፣ የተመዘገቡ ከሆነ ጣታቸው ይናገራል አለን። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አቶ ደምሴ ግን ክንዴን ይዘው ወደ ኮሪደሩ አወጡኝ።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ይህን ያህል ዘመን ስሙን የደበቀ ሰው ምክንያት አለው። በሌላ ስም ገብቶ ቢሆንስ? የሚፈለግ ሰው ቢሆንስ? እኛው በገዛ እጃችን ጣቱን ለፖሊስ እንስጥ?"

"ካልሰጠን ዓርብ ይወስዷቸዋላ።"

"መጦሪያ መግባትና እስር ቤት መግባት አንድ ነው? አፉ ተይዟል እንጂ እምቢ ይል ነበር። ሰው እምቢ ማለት በማይችልበት ሰዓት ምሥጢሩን መውሰድ ግፍ ነው ወይንሸት።"

ይህ ነገር ክው አደረገኝ። አቶ ደምሴ ኩራተኛ ናቸው እንጂ ክፉ አይደሉም፤ የተናገሩትም ባዶ አይደለም። ያን ሁሉ ወሬ በየጠረጴዛው ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ኮሎኔሉን፣ ገዳዩን፣ ሁሉንም። አሁን ከወሬው አንዷ እንኳ እውነት ከሆነች ሰውዬውን የማጠፋቸው እኔ ነኝ። ደግሞ ዝም ብል ሰዎቹ መጥተው እንደ ዕቃ ጭነው ይወስዷቸዋል። ተመልሼ ገባሁና "ጋሼ፣ አሻራዎን ልናስነሣ ነው፤ ስምዎን ለማወቅ። ይፈቅዱልኛል?" አልኳቸው። ነቀነቁ። ግን አልማዝ ነኝም ብለው ነቅንቀው የለ? በዚህ ራስ መነቅነቅ ላይ የሰው ዕድል ይወሰናል?

የአሻራ ባለሙያዋ አኪኒ ትባላለች። ወፈር ያለች፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። መጀመሪያ ያወጣችው ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው፤ ጣት ሲያስነኩት አረንጓዴ መብራት ያበራል ተብሎ ነበር። የጋሼን አውራ ጣት ስታስነካው ቀይ በራ። ሌባ ጣታቸውንም፤ ቀይ። መሣሪያውን ወደ ሣጥኗ መለሰችና ጣቶቻቸውን ወደ ብርሃኑ አቅርባ አየቻቸው።

"የምዜ ሥራ ምን ነበር?" አለችኝ። ኬንያውያን ትልቅ ሰውን ምዜ ነው የሚሉት።

"ልብስ ሰፊ።"

"ይታያል" አለች። መቀስ የሚይዘው አውራ ጣት ደድሮ መስመሩ ጠፍቷል፤ ጨርቅ የሚገፋው ሌባ ጣት ደግሞ በመርፌ ብዛት ወንፊት ሆኗል። "እንግዲህ በድሮው መንገድ እንሠራዋለን።"

ጥቁር ቀለም፣ ትንሽ ሮለር፣ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለ ብረት አወጣች። ብረቱ እጃቸውን መዘርጋት ለማይችሉ በሽተኞች ነው፤ ጣቱን በወረቀት ላይ ማንከባለል ስለማይቻል ወረቀቱ በብረቱ ላይ ሆኖ ጣቱን ያቅፈዋል። የቀኝ እጃቸው በሕመሙ ተጨብጦ ቀርቷል። "አንቺ ክፈቺው፤ አንቺን ያውቁሻል" አለችኝ።

ልንገራችሁ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ሰላም ስላቸው ጎንበስ እላለሁ እንጂ የጋሼን እጅ ይዤ አላውቅም ነበር። ጉልበቴን አጥፌ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከክሁና በሞቀ ውኃ ያረጠብኩትን ፎጣ ጠቀለልኩበት። ከዚያ ከትንሿ ጣት ጀምሬ፣ ቀስ እያልኩ ፈታሁት። ጣታቸው ቀዝቃዛ ነው፤ ጫፉ እንደ ቆዳ ጠንክሯል። አኪኒ በአልኮል ጠርጋ፣ አድርቃ፣ ቀለም አስነክታ፣ ከጥፍሩ አንዱ ጎን እስከ ሌላው ጎን አንዴ ብቻ ታነሣዋለች። "ፖሌ ፖሌ፣ ምዜ" ትላለች በየመሐሉ፤ ቀስ በቀስ ማለቷ ነው። እየሠራች ለእኔ ታስረዳኛለች። የጣት መስመር ሦስት ዓይነት አካሄድ አለው አለች። አንዳንዱ ከአንድ ጎን ገብቶ ይጠመዘዝና በገባበት ይወጣል። አንዳንዱ እንደ ውኃ አዙሪት ይዞራል። አንዳንዱ፣ እሱ ጥቂት ሰው ላይ ነው ያለው፣ እንደ ኮረብታ ከፍ ብሎ በዚያ ማዶ ይወርዳል። ሰው ገና በእናቱ ሆድ ሳለ ነው የሚሳለው፤ ቢላጥ፣ ቢቃጠል እንኳ ጉዳቱ ጥልቅ ካልሆነ ቆዳው ሲመለስ ያው መስመር ይመለሳል።

ቀኙ ሲያልቅ የግራውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። አቶ ደምሴ ከበሩ አጠገብ ቆመው ያያሉ። ያኔ ጋሼ ደኅነኛ የቀረውን ግራ እጃቸውን ራሳቸው አነሡና፣ መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ጣቶቻቸውን ዘርግተው ነው ያስቀመጡት፤ ምን እንደምንፈልግ በደንብ ገብቷቸዋል። ይህ እንደ ራስ መነቅነቁ አልነበረም። ቀና ብዬ አቶ ደምሴን አየኋቸው፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፉ።

ሐሙስ ሙሉ ቀን ስልኬን እያየሁ ዋልኩ። ለአንዱ ደንበኛ ያዘዘውን ለሌላው ሰጠሁ፤ ወጡን ሁለቴ ጨው ጨመርኩበት። ወደ ማታ አኪኒ ደወለች። ማሽኑ ይመስላሉ ያላቸውን ሰዎች ዘርዝሮ ሰጥቷታል፤ አንድ በአንድ በዓይኗ አይታ አንዳቸውም አይደሉም። ነገ ጠዋት በሌላ መንገድ እሞክራለሁ አለች። መኪናው ጠዋት እንደሚመጣ ነገርኳት። "እንግዲያው በጠዋት ቢሮዬ ነይ" አለችኝ።

ዓርብ ሥራ ተከፋፈልን። አቶ ደምሴ ሆስፒታል ሄደው መኪናውን እንዲያቆዩ፣ እኔ አኪኒ ዘንድ። እሳቸው ክርክር ከጀመሩ ማንም እንደማያስቆማቸው ዕድሩ ሁሉ ስለሚያውቅ በዚያ በኩል አልሰጋሁም። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነበር። ቢሮው ስደርስ አኪኒ ኮምፒውተር ፊት አጎንብሳለች፤ አጠገቧ ወረቀቱና አጉሊ መነጽር አለ። ቀና ብላ ሳታየኝ "ተቀመጪ" አለች። ማሽኑ የፈለገው በሚሠሩት ጣቶች ነበር፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ደግሞ ሥራ በልቷቸዋል። ስለዚህ እነሱን ትታ በግራ እጅ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ብቻ ፈለገች። ስፌት እነሱን አይነካቸውም።

"አንድ ሰው አለ" አለች።

ማያው ላይ ሁለት ትልልቅ አሻራዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። በእስክሪብቶዋ ጫፍ እያመለከተች አሳየችኝ። እዚህ ጋ አንዱ መስመር ሁለት ይሆናል፤ እዚያኛውም ላይ ሁለት ይሆናል። እዚህ ጋ መስመሩ ይቋረጣል፤ እዚያም። እዚህ ጋ ደግሞ አንዲት አጭር መስመር በሁለት ረጃጅም መካከል ብቻዋን ቀርታለች፤ እዚያም ብቻዋን አለች። ማላገጤ አይደለም፣ ትንፋሼን ይዤ ነው የተከተልኳት። ከዚያ የሌሎቹን ጣቶችም በየተራ አሳየችኝ፤ በአዲሱ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ፣ በድሮው ላይ የለም፤ ዙሪያው ግን አንድ ነው።

"ሰውዬው እሳቸው ናቸው" አለች።

"ምን... ምን አለባቸው?" አልኳት። ከስማቸው በፊት የጠየቅኳት ይህን ነው። "የሚፈለጉ ናቸው?"

አኪኒ ግራ ገብቷት አየችኝ። "ማን? ምንም የለባቸውም። የተመዘገቡ ስደተኛ ናቸው፤ ወረቀታቸውን በየጊዜው ያሳደሱ ናቸው። ንጹሕ ናቸው።" ከዚያ እየተደናቀፈች አነበበችልኝ። "ማንደፍሮ። ላቀው። እንግዳ። ሥራ፣ ልብስ ሰፊ።"

ማንደፍሮ ላቀው እንግዳ። ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ደግሞ ሳቅኩ። ሴትየዋ ውኃ አመጣችልኝ። ለአቶ ደምሴ ስደውል ከበስተኋላቸው የመኪና ሞተርና የሰው ጫጫታ ይሰማል።

"ማንደፍሮ ነው ስማቸው! ማንደፍሮ ላቀው!"

"ኮሎኔል ነው?"

"ልብስ ሰፊ ናቸው አቶ ደምሴ። ሲመጡም ልብስ ሰፊ ነበሩ።"

አኪኒ የጻፈችውን ደብዳቤ ይዤ፣ ቦዳቦዳ በሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ላይ ቀሚሴን ሰብስቤ ወጥቼ በረርኩ። ስደርስ መኪናው ቆሟል፤ አቶ ደምሴ ከሾፌሩ ጋር ገና በክርክር ላይ ናቸው። ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። ጋሼ ልብሳቸው ተቀይሮ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል ተደርጎላቸዋል። ከፊታቸው ተንበረከክሁ።

"ጋሼ ማንደፍሮ" አልኳቸው።

አልነቀነቁም። ለመጀመሪያ ጊዜ አልነቀነቁም። አተኩረው አዩኝ። ከዚያ እንባቸው ወረደ። ግራ እጃቸው እጄን አፈፍ አድርጎ ይዞ አልለቅ አለ። ማኅበራዊ ሠራተኛው ልጅ ከራስጌ የተለጠፈውን ወረቀት ገንጥሎ አዲስ ሲጽፍ ፊደሉን አንድ በአንድ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ወደ ኢስትሊ መለስናቸው። ከምግብ ቤቱ ጎን ያለችውን ዕቃ ቤት አጽድተን አልጋ አስገባንላቸው፤ ዕድሩ ተራ ገብቶ አስታመማቸው፤ አቶ ደምሴ በየማለዳው መጥተው ክንዳቸውን ያፍታቱላቸው ነበር። ከቀን ወደ ቀን አንዳንድ ቃል መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ እሺ፣ ከዚያ የእኔ ስም። አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ፣ ከመኪናቸው አጠገብ አስቀምጫቸው ሻይ ሳጠጣቸው አላስችል አለኝ። እኔ እኮ ነኝ፤ ስንት ጊዜ ልቻል?

"ጋሼ ማንደፍሮ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስምዎን ለምን ደበቁን?"

ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ቃሉን ከሩቅ ቦታ እንደሚያመጣ ሰው ፊታቸውን ቋጠሩ።

"ማን... ጠየቀኝ?" አሉኝ።

ከዚያ በዚያ ድምፅ በሌለው ሳቃቸው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። የሻዩን ብርጭቆ ይዤ ጓዳ ገባሁና ብዙ ቆየሁ፤ ስመለስ የክርስትና ስማቸውን ጠየቅኳቸው፤ በማግስቱ ዕድሩ ሁሉ ያውቀው ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባት እዚሁ ናይሮቢ፣ ምናልባት አዲስ አበባ፣ ምናልባት የትም ናችሁ። በየቀኑ ጋሼ፣ እትዬ፣ እማማ፣ አባባ የምትሏቸው ሰዎች አሉ አይደል? የአንዳቸውን ሙሉ ስም አሁን፣ ሳትጠይቁ ልትነግሩኝ ትችላላችሁ? አክብሮቱን ተዉት አልላችሁም፤ እኔም አልተውኩትም። ግን ከዚያ ወዲህ በሬን አልፎ የሚገባን ሰው ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ እጠይቃለሁ፤ ትልቅ ሰው ከሆነ ይቅርታ ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይደነግጣል። አንዳንዱ ደግሞ ሙሉ ስሙን ከጠራ ብዙ ጊዜ እንደሆነው ያስታውቃል፣ ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። የሰው ታሪክ አዋቂ ነኝ ብዬ የኖርኩት ሁሉ ወሬ ነበር። ሰውን ማወቅ ምን እንደሆነ የተማርኩት የዚያን ሰው ጣት አንድ በአንድ ስፈታ ነው።

ጋሼ ማንደፍሮ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖሩ። በግራ እጃቸው ቁልፍ መትከል ለምደው ነበር። ዛሬ እኔም ከኢስትሊ ለቅቄ ምግብ ቤቴ እዚሁ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ነው፤ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ደንበኛም ይገባል። በረንዳ ግን የለውም። ከሰዓት ላይ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ሳላውቀው "ሻይ ላድርስ?" ልል አፌን እከፍታለሁ።

ያረፉት በእንቅልፋቸው ነው። የቀብራቸው ዕለት ዝናብ ያካፋ ነበር፤ ኢስትሊ ሱቁን ዘግቶ መጣ ማለት ይቻላል፤ የሶማሌ ሴቶች ሳይቀሩ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ነበር። ፍትሐቱን ያደረሱት ቄስ ለናይሮቢ አዲስ ናቸው፣ ጋሼን አያውቋቸውም። ሬሳው ፊት ቆመው መጽሐፋቸውን ገለጡና ወደ ሕዝቡ ዞር አሉ።

"ስመ ክርስትናው ማን ነው?"

እኔ አፌን እስክከፍት አልጠበቁም። አቶ ደምሴ፣ አስተናጋጆቼ፣ የዕድሩ ሰዎች፣ ያቺ የካሳራኒዋ ሙሽራ ልጇን እንዳዘለች፣ ሁሉም በአንድ አፍ "ገብረ ኪዳን!" አሉ። ቄሱ ትንሽ ደንገጥ ብለው ቀና አሉና፣ ስሙን ደግመው ጠርተው ጸሎቱን ቀጠሉ።